መቼ ነው የምትመለሰው?

ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሻንጣው ከመኪና ሳይወርድ የሚጠየቃት ጥያቄ አለች፤ «መቼ ነው የምትመለሰው?»

«እንኳን ደህና መጣህ» ከምትለው ጋር ተጣብቃ ትመጣለች፤ አንዳንዴም ቀድማት ትደርሳለች። እናት ገና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች ነው፤ ጎረቤት ግን የመሄጃውን ቀን ቁርጡን ካላወቀ ቡናው አይወርድለትም።

ክፋት የለበትም። እኛ ቡራዩ አሜሪካ የሚኬድበት አገር እንጂ የሚመጣበት አይደለም። ከዚያ የሚመጣ ሰው ወይ ሊድር ነው፣ ወይ ሊቀብር ነው፣ ወይ ያስጀመረው ቤት ቆርቆሮ ሳይለብስ ኮንትራክተሩ ጠፍቶበት ነው። ሠርጉም ያልቃል፣ ለቅሶውም ያልቃል፤ ቤቱ እንኳ ባያልቅ ፈቃዱ ያልቅና ሰውየው ይሄዳል። እና አንድ ልጅ መጥቶ «አልመለስም፤ ሥራዬን ጨርሼ ነው የመጣሁት» ቢል ሰፈሩ የት ያስቀምጠው?

የጎረቤታችን ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስሙን አልጠራም፤ የደረሰበት ይበቃዋል።

ልጁ ጭምት ነው። የተማረው ቋንቋ ነው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ እያስተማረ ሳለ የፉልብራይትን ማመልከቻ ሞላ። ፉልብራይት አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1946 የጀመሩት የትምህርት ልውውጥ ነው። ከቅርንጫፎቹ አንዱን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ከየአገሩ ወጣት አስተማሪዎችን ወስዶ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን እንዲያስተምሩ ወይም የሚያስተምረውን ፕሮፌሰር እንዲያግዙ ያደርጋል። ዓረቡ ዓረብኛ፣ ኬንያዊው ስዋሂሊ፣ የኛው አማርኛ። ለአንድ የትምህርት ዓመት ብቻ። ዲግሪ የለውም። ሲያልቅ ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው።

የመጨረሻዋን ነገር ሰፈሩ ሰምቶም አልሰማም።

ማለፉ ተሰምቶ እናቱ ለቡና የጠራችን ዕለት እልልታው ቀለጠ። ዕጣኑ ጨሶ፣ ፈንዲሻው ተበትኖ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ አንዷ ጎረቤት ጠየቀች።

«ለመሆኑ ምን ሊሠራ ነው የሚሄደው?»

«አማርኛ ሊያስተምር።»

እልልታው ረገብ አለ።

«ለማን?»

«ለፈረንጆቹ ነዋ።»

«አማርኛ ለማስተማር እስከ አሜሪካ? ዋሽንግተንን የሞላው አበሻ ምን ሆኖ?»

«አስተማሪ እንኳ አይደለም አሉ፤ ረዳት ነው፤» አለ ከበር በኩል የተቀመጠው የሚኒባስ ሹፌር። ረዳትማ እኛም ጋ ሞልቷል፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አስኮ! አስኮ!» የሚል።

ነገሩን የፈቱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ዝም በሉ፤» አሉ። «ልጁ ብልህ ነው። ይኼ መግቢያ ነው። አንዴ ይግባ እንጂ እዚያ አማርኛውን ማን ይጠይቀዋል?»

ሁሉም ተነፈሰ። እልልታው ካቆመበት ቀጠለ። በሕይወቱ ፎርም ላይ አንድ ቀን እንኳ የሐሰት ዕድሜ ሞልቶ የማያውቀው ልጅ በአንድ ስኒ ቡና የሰፈሩ ቀንደኛ መላ አዋቂ ሆነ። «እመለሳለሁ እኮ፣ አባባ» ቢላቸው «እሱን ለኤምባሲው ንገር» ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

እኔ ለሥራው አክብሮት አለኝ። የዛሬ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ከሮም ተነስተው፣ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው፣ ጀርመን አገር ጎታ ገብተዋል። ያስጠራቸው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሮም ላይ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ማረፊያ፣ ተዋውቀዋል፤ ሉዶልፍ ያን ጊዜ ግዕዝን ከመጽሐፍ ለቅሞ የተማረ የ25 ዓመት ጎረምሳ ነው። የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት ግብዣውን ፈቀደና አባ ጎርጎርዮስ ፍሪደንሽታይን በሚባለው ቤተ መንግሥት ጥያቄ ሲመልሱ ሰነበቱ። ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ዓባይ፣ ስለ አውሬው፣ ስለ አማርኛው። አንድ መነኩሴ አገር ሙሉ ሆነው ተቀመጡ። አንድ ቀን እንኳ «እኔ እንጃ» ብለው ይሆን? እያልኩ አስባለሁ።

የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታተሙ። ሰውየው ውለታ የሚበላ አልነበረም፤ ጎርጎርዮስን በስማቸው እየጠራ ጽፏል። ቢሆንም ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው። ረዳቱ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ቀርተዋል፤ ሰዋስዉን አላዩትም።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊን ሄደው በዚያ በነበረው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ። እሳቸውስ በደህና ተመለሱ፤ አገር ቤት የጠበቃቸው ግን የሃይማኖት ክስና እስር ነው። ናፖሊ ላይ አማርኛ ያስተምሩ የነበሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ውስጥ ያሳተሙት መጽሐፍ የአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ በኩር ሆነ። እንግዲህ ቋንቋ ሊያስተምር የሄደ አበሻ ከሦስት አንዱ ይደርስበታል ማለት ነው፤ ወይ ይሰጥማል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ልብ ወለድ ይጽፋል። ለእናቱ አልነገርኳትም።

ልጁ በነሐሴ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በቴሌግራም ደወለ።

«ጋሼ፣ ከየት ነህ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ጥያቄው ይገባኛል። የኛ አካባቢ ሰው ከአገር ሲወጣ አዲስ አበቤ ነው። ሰበታም ይሁን ሱሉልታ፣ ቦሌ ላይ ፓስፖርቱ ማኅተም ሲመታበት ሁሉም የአዲስ አበባ ልጅ ይሆናል፤ ለማስረዳት ጊዜ የለማ። ልጁም እንደዚያው አድርጎ ነበር። አንዲት ተማሪ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ «ቡራዩ ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ነው ይላል» ብላ ያዘችው። አንድ ክፍለ ጊዜ በዚህ አለቀ። ምድሩ ኦሮሚያ ነው፤ ታክሲው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የገፈርሳ ግድብ ከአፍንጫችን ሥር ነው፣ ውሃው ግን አዲስ አበባ ይጠጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ሸገር ከተማ በሚባል አንድ ከተማ ሥር ገብተዋል። «ታዲያ ከየት ነኝ ልትል ነው?» አለችው። ልጁ ደብተሩን ዘጋና ቡና ጋበዛት።

አማርኛ ይማሩ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ስጠይቀው ግማሾቹ አሜሪካ የተወለዱ የኛው ልጆች ናቸው አለኝ። ያልጠበቀው ችግር ከእነሱ መጣ። ፈረንጆቹ ከ«ሀ» ስለሚጀምሩ ቀላል ነው። የኛዎቹ ግን ሁሉን ይሰማሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው ትእዛዝ ብቻ ነው። ብላ! ተው! ና እዚህ! ጫማህን አውልቅ! ዝም በል! ከእናታቸው አፍ የሰሙት ይኼው ነዋ። አንዱ ጎረምሳ የቢሮውን በር አንኳኩቶ ሲገባ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ ነስቶ፣ «ቁጭ በል» አለው። ልጁም ቁጭ አለ።

ይኼን ሲያጫውተኝ ትዝ ያለኝ ሰበታ ነው። ከሰበታ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ አካባቢው ቻይናውያንን ለምዶ ነበር፤ ፋብሪካውም ብዙ ነው። አንድ ወዳጄ ይሠራበት በነበረ ፋብሪካ አንድ ቻይናዊ ፎርማን ነበር። የቋንቋ ረዳት የቀጠረለት የለም፤ ያስተማሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው። እነሱም ያስተማሩት የሚሰሙትን ነው። «ቶሎ ቶሎ! ኮቱ! አንሳ! ይኼ የለም! ነገ የለም!» ከዚህ ውስጥ የትኛው አማርኛ የትኛው ኦሮምኛ እንደሆነ አያውቅም፤ የአንድ አገር አንድ ቋንቋ መስሎታል። ሰበታ ላይ ደግሞ ማን ያርመዋል? ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንናገረው።

ሠራተኞቹ ተንኮል አያጡም። የጠዋት ሰላምታ እንዲያስተምሩት ሲለምናቸው «ደሞዝ ይጨመር» የምትለውን አስጠኑት። ሰውየው በየማለዳው በር ላይ ቆሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ «ደሞዝ ይጨመር!» ይላል። እነሱም በአንድ ድምፅ «አሜን!» ይሉታል። ይኼ ሰላምታ ዓመት ያህል ዘልቋል። ደሞዙ ስለመጨመሩ ወዳጄ አላወራኝም።

ሱሉልታ እንኳ ሌላ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በዚያ ነፋስና ብርድ፣ ሊሮጡ የሚመጡ ፈረንጆች አሉ፤ ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ የሠራው እዚያ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ የሚያስተምሯቸው እረኞች ናቸው፤ ያለ ክፍያ፣ በኮንጎ ጫማ፣ ጎን ለጎን እየሮጡ። ዳገት ላይ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ የሚቋረጠው ግን በተማሪው በኩል ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። በጥቅምት ገደማ ሌላ ስልክ ደወለ፤ ድምፁ ደክሟል።

«ጋሼ፣ መኪና ወንድ ነው ሴት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ ላይ መኪና ወንድ ሆኖ ተቀምጧል፤ ልጁ ግን እያወራ «መኪናዋ መጣች» ብሏል። ተማሪዋ፣ ያቺው ባለካርታዋ፣ እጇን አወጣች። ለምን? «ዝም ብሎ ነው» አላት። በዚያ ሳምንት «ዝም ብሎ ነው» ማለት አብዝቶ ነበርና ፕሮፌሰሩም ብዕሩን አስቀምጦ አየው። ለቋንቋው ባለቤት የማያውቀውን መጠየቅ የመሰለ ፈተና የለም፤ ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ሲጠየቅ ይታነቃል።

ጉዳዩን ለቡናው ሸንጎ አቀረብኩት።

ዳኛ የሆኑት በጡረታ ላይ ያሉ የሰበታ አስተማሪ ናቸው። ጋሽዬ የፒስ ኮር ተማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወጣቶች ሊያስተምሩ ኢትዮጵያ ገብተው በየክፍለ ሀገሩ ተበትነው ነበር፤ ተከታዮቻቸው ጋሽዬንም ደርሰዋቸዋል። ዛሬም «ዋተር» አይሉም፤ ምላሳቸውን አጠፍ አድርገው «ዋረር» ነው የሚሉት። እነዚያ ፈረንጆች ሁለት ዓመታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲሄዱ ግን «ምን አጥፍተው ተባረሩ?» ያለ ሰው አልነበረም። ይቺን ያዙልኝ።

«መጠን ነው፤» አሉ ጋሽዬ። «ነገሩ ትልቅ ከሆነ ወንድ፣ ትንሽ ከሆነ ሴት።»

«ፀሐይስ?» አለች ባለቤታቸው ስኒ እያጠበች። «ፀሐይ ወጣች አይደል የምንለው? ትንሽ ናት ልትል ነው?»

ጋሽዬ ቡናቸውን ፉት አሉ።

«የምንወዳት ነገር ናት እሷ የምትባለው፤» አለች የልጁ እናት።

«እውነቷን ነው፤» አለ ሹፌሩ። «የኔ ሚኒባስ ስትሠራልኝ እሷ ናት። ጋራዥ የገባ ቀን ግን ይኼ ብረት ነው የምለው፤ እሱ ነው።»

«አገርስ?» አለ አንዱ ጎረምሳ። «ኢትዮጵያ እሷ አይደለችም? ትንሽ ስለሆነች ነው ወይስ ስለምንወዳት?»

እዚህ ላይ ነገሩ ከሰዋስው ወጣ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ፤ አንድ ሰው የምርጫ ነገር አነሳ፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ተበተንን። በሩ ላይ ስንደርስ የልጁ እናት ክንዴን ያዘችኝ። «ልጄ እዚያ በየቀኑ የሚውለው እንዲህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ኧረ ዋቃዮ!» አለች። ልጇ ሥራ ላይ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነችው ያን ቀን ይመስለኛል።

የሹፌሩን ሐሳብ ላክሁለት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ አቀረበው፤ ፕሮፌሰሩ ደስ ብሎት ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ወደፊት ሊጽፈው ላሰበው ጥናት ይሆነኛል አለ። ሹፌሩ ይኼን ከሰማ ወዲህ ከአስኮ ቡራዩ የተሳፈረ ሁሉ ሰውየው አሜሪካ ውስጥ የሚጠቀስ ሊቅ መሆኑን ሳያውቅ አይወርድም። «ስምህ ላይገባ ይችላል» ብዬ የአባ ጎርጎርዮስን ነገር አጫወትኩት። ከልቡ አዳምጦ ሲያበቃ «የሄዱት በምን መኪና ነበር?» አለኝ።

በኅዳር የባህል ሳምንት መጣ። «እስክስታ አሳየን» አሉት። ጭምት ነው ብያችኋለሁ። ሰፈራችን የሚያውቀው ረገዳ ነው፤ እሱንም ልጁ ከዳር ቆሞ እያጨበጨበ ነው ያደገው። ግን ኢትዮጵያ ያኔ እሱ ብቻ ነው፤ «አልችልም» ቢል አገሩ አይችልም ሊባል ነው። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ። መኝታ ክፍሉን ቆልፎ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ፣ ከዩቲዩብ እስክስታ ተማረ። ያስተማረችው በቪዲዮው ላይ ያለች ልጅ ናት፤ ከአነጋገሯ አሜሪካ የተወለደች ትመስላለች አለኝ። ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። በማግስቱ አንገቱ አልዞር ብሎት ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ ከወገቡ ነበር የሚዞረው።

ከዚያ በኋላም ስለ ሉሲ፣ ስለ ራስ ተፈሪያን፣ ስለ እንጀራ አበሳሰል ተጠየቀ። ማራቶን በስንት ሰዓት እንደሚገባ የጠየቁትም አሉ። ታክሲ ይዞ ያደገ ልጅ ነው።

በግንቦት መጨረሻ ተመለሰ። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳለ ጥያቄዋ መጣች።

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

«አልመለስም። ውሌ አልቋል።»

ዝም ተባለ። በሳምንቱ ሦስት ዓይነት ታሪክ ነበር። ተባርሮ ነው፤ ታሞ ነው፤ ሴት ናት። ለእናቱ በጆሮዋ «እንጦጦ ጸበል ውሰጂው» ያሏት አሉ። ወረቀቱን አውጥቶ ለሽማግሌው አሳያቸው፤ ሁለት ዓመት አገርህ ሳትቀመጥ የመኖሪያ ቪዛ አትጠይቅም የሚለውን ጭምር። መነጽራቸውን አድርገው፣ ገጽ በገጽ አገላብጠው፣ «የኛ ልጅ፣ መግቢያውን አግኝተህ መውጫውን ተጠቀምክበት» አሉት። እስካሁን ይቅር ያሉት አይመስለኝም። እኔም የፒስ ኮሮቹን ነገር አነሳሁላቸው፤ «እነሱማ አገራቸው ነው የገቡት» አሉኝ። «እሱስ?» ብላቸው መልስ አልነበራቸውም፤ ግን አልተረቱም።

ይኼ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ እነልጁ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የሰፈር እናት ልጇን ይዛ ገባች። ሕፃኑ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ክፍያው የሚያስደነግጥ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው።

«አስጠናልኝ ብዬ ነው የመጣሁት፤» አለች።

«እንግሊዝኛ ከሆነ እንኳ ጊዜ የለኝም፣ እትዬ።»

«ኧረ እንግሊዝኛውንስ ከካርቱን ለምዶታል፤ በእንቅልፍ ልቡም እሱን ነው የሚያወራው። አማርኛ ነው የወደቀው። አንተ አሜሪካ ያስተማርክበት መላ አለ ሲሉ ሰማሁ።»

ልጁ ከመደርደሪያው ላይ ከአሜሪካ ያመጣውን ወፍራም መጽሐፍ አወረደ፤ የዎልፍ ሌስላውን የአማርኛ መማሪያ። ሌስላው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በ100 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ስለኛ ቋንቋዎች ሲጽፍ የኖረ፤ መጽሐፉን ያዘጋጀው በእንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱ ነው። ልጁ መጽሐፉን አየ፣ ሕፃኑን አየ፣ ደግሞ መጽሐፉን አየ። «ይኼ ይሆነዋል» አለ።

«ስንት ነው የምታስከፍለው?»

ነገራት።

«ለአማርኛ?» አለች እጇን አፏ ላይ ጭና። «ለአሜሪካኖቹ የጠራህላቸውን ነው እንዴ የምትጠራልኝ? የአገርህ ሰው እኮ ነኝ። ግማሹን አድርግልኝ።»

ልጁ የፋብሪካው ሠራተኞች ለቻይናዊው ያስጠኑትን ሰላምታ ሊላት ሲል በዓይኔ ከለከልኩት። ሲከራከሩ ቆይተው ከግማሹ ትንሽ ከፍ አድርገው ተስማሙ። ሕፃኑ ሰልችቶት የናቱን ቀሚስ ይጎትታል።

«ማሚ፣ ሌትስ ጎ! አይ አም ሃንግሪ!»

«ዝም በል! ቁጭ በል እዚያ!»

ሕፃኑ ዝም አለ፤ ወንበር ስቦም ቁጭ አለ።